ስልኩን ይዝጉልኝ፣ ሞተሩን ልስማ

ኮምቦልቻ ሙያ ያስተማሩኝ ሰው «ሞተር አይዋሽም፣ የሚዋሸው ባለመኪናው ነው» ይሉ ነበር። ባለመኪና ዘይት ሳይቀይር ቀይሬያለሁ ይላል፤ አጋጭቶ አላጋጨሁም ይላል። ሞተሩ ግን ጆሮ ላለው ሰው ሕመሙን ይናገራል። እኔ ደግሞ ጆሮ አለኝ ብዬ የምኮራ ነበርኩ። መኪናው ገና በሩ ላይ ሲደርስ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ «የዚህ ነገሩ እንዲህ ነው» ማለት የምወድ ቀብራራ ነበርኩ። ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር ከደረሰብኝ ወዲህ ግን ስለ ጆሮዬ ጉራ ነዝቼ አላውቅም።

የኮሮናው ጊዜ ነው። አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ ከኢንዱስትሪው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ሹግል፣ ሥራ የሚባል ነገር ቀዝቅዟል። ሰው ሁሉ ቤቱ ስለተከተተ መኪናም አይበላሽም፤ ቀኑን ሙሉ መፍቻ ስንወለውል እንውላለን። እኔ ግን ልቤ ከጋራዡ የለም። ልቤ ዱባይ ሆስፒታል ነው።

እህት ነበረችኝ፤ እትዬ ዘሃራ። እናታችን የሞተችው እኔ አፌን በቅጡ ሳልፈታ ስለሆነ፣ እናት ስል የሚመጣብኝ የእትዬ ጀርባ ነው። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በኤጀንሲ መጥታ ማዳም ቤት ዓመታት ቆጠረች፤ ከዚያ ዱባይ ማሪና አንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ጽዳት ተቀጥራ፣ ሳትዋ የሚባል ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ ከሌሎች ጋር በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይታ ትኖር ነበር። እኔንም እዚህ አገር ያመጣችኝ እሷው ናት። በስልክ ስታገኘኝ ሰላምታዋ «አንተ ቀጫጫ፣ በላህ?» ነው። ጢም ካወጣሁ በኋላም፣ ሰው እየሰማም፣ ያው ነው።

ወረርሽኙ ሲጀማምር የሐበሻ ወሬ ሁሉ ሞት ሆነ። እገሊት ሞተች፣ ሰው ሳይኖር ቀበሯት፤ እገሌ ሞተ፣ ዘመድ ሳያየው አፈር ገባ። አንድ ጁምዓ እትዬ ደውላ እንዲህ አለችኝ።

«ስማ ሰይዶ፣ ድንገት ብሞት አገሬ አድርሰኝ አልልህም። አውሮፕላኑም ቆሟል። ብቻ ሰው ሳይኖር እንዳልቀበር። ከዳርም ይሁን ቆመህ እየኝ። ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው ይቁምልኝ።»

«ኸላስ፣ በቃ እትዬ፣ የማይሆን ወሬ ተይ።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። እየሳቅኩ ነበር የሰጠኋት፤ ከእኔ ይልቅ ጠንካራዋ እሷ ስለነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ሳሉ ያዛት። ሲብስባት ሆስፒታል የወሰደቻት አብራት የምትኖረው ከድጃ ናት። ከድጃ የወሎ ልጅ ናት፤ እትዬን እንደ ታላቅ እህቷ ነው የምታያት። ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥርም የእሷው ሆነ። ጠያቂ አይገባም። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታሉ ለከድጃ ይነግራታል፣ ከድጃ ለእኔ ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ ስልኬን ከሱሪዬ ኪስ ወደ ሸሚዜ አዛውሬ፣ እዚያው ደረቴ ላይ አድርጌ እሠራለሁ።

በዚያ ቀን ጠዋት ከድጃ አልደወለችም። ብደውልላት አላነሳችም። ሥራ ላይ ትሆናለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጥቂት ቆይቶ የጋሽ ይማም ፒክአፕ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ጋሽ ይማም የመንደራችን ሰው ናቸው። አባቴን ያውቁታል፤ እኔንም እትዬንም በልጅነታችን ያውቁናል። በዚያች ነጭ አሮጌ ፒክአፕ የሰው ዕቃ እያመላለሱ ይኖራሉ። መኪናዋ ከሰነበተ ሕመሟ ጋር ነበረች። ደህና ስትሄድ ትቆይና ድንገት ትደናቀፋለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ምንም እንዳልነካት ትነጉዳለች። ጋራዥ ስትመጣ ደግሞ ጤነኛ ናት። ሐኪም በር ሲደርስ እንደሚተወው የጥርስ ሕመም ማለት ነው። «ሌላ ቀን አያታለሁ» እያልኩ ስገፋቸው ከርሜያለሁ።

«ዛሬ ወደ ሳትዋ እሄዳለሁ» አሉኝ። «አብረኸኝ ውጣ። ቆማ አታሳይምና መንገድ ላይ ስማት።»

«ከድጃ ደውላልዎታለች?» አልኳቸው። «እትዬ እንዴት አደረች?»

«በአላህ እጅ ናት ልጄ። አብሽር፣ አይዞህ።»

በኋላ ሳስበው፣ አልዋሹኝም። ማስክ ስላደረጉ ፊታቸው አይታይም፤ ያየሁት ዓይናቸውን ብቻ ነው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምነው ዓይንዎ?»

«አሸዋው ነው።»

ከመቀመጫው ላይ በፌስታል የያዙትን ፉልና ዳቦ አውጥተው ሰጡኝ። አልራበኝም ብላቸው «መጀመሪያ ብላ፣ ሳትበላ አንሄድም» አሉ። ጋሽ ይማም እንኳን ሊያበሉኝ፣ ከምሳዬ አንድ ጉርሻ የሚነጥቁኝ ሰው ናቸው። ቆመው ጠበቁኝ። ከዳቦው የመጨረሻዋን ቁራሽ ስውጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እናንተ አንባቢዎች ሐበሻ ናችሁና ምን እንደሆነ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ሐበሻው ግን አልገባኝም። ሰው በራሱ ሲመጣበት ጅል ይሆናል።

አለቃዬን አስፈቅጄ፣ የመፍቻ ሣጥኔን ከኋላ ጭኜ ወጣን። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ጋሽ ይማም እንደ ወትሯቸው አያወሩም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአል ጁርፍ ሻርጃ እስክንደርስ የመንደሩን ሰው በሙሉ አምተን እንጨርስ ነበር።

ሻርጃ እንደገባን ያቺ ነገር መጣች። ግድግድ፣ ቁርጥ፣ ግድግድ። መሪው ሳይቀር ይርገበገባል።

ስለ ሞተር ለማታውቁ ላስረዳ። ይህ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ነው። አራቱም ተራ በተራ እሳት ይደርሳቸዋል፣ ተራ በተራ ይገፋሉ። ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች አስቡ። አንደኛው ከተደናቀፈ ሦስቱ ይንገዳገዳሉ፣ ቃሬዛው ያጋድላል። የእኔ ሥራ ከአራቱ የሚደናቀፈው ማን እንደሆነና ምን እንዳደናቀፈው ማወቅ ነው።

«ያቁሙልኝ» አልኳቸው።

ከመንገድ ወጥተን ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ እየሠራ ወደየካንዴላው እሳት የሚያደርሱትን ገመዶች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ መንገዳገድ አለበት፤ ካልተንገዳገደ ያ ነው በሽተኛው። አራቱንም ነቀልኩ፣ አራቱም አንገዳገዱት። ሁሉም ደህና። አንዷ ካንዴላ ጠቆር ስላለችብኝ ቀየርኳት እንጂ ልቤ አላመነም። ጋሽ ይማም ከአጠገቤ ቆመው ፀሐይዋን ቀና ብለው ያያሉ።

«ይበቃል፣ ሳትዋ ስንደርስ ታየዋለህ» አሉኝ።

«ችግሩ መንገድ ላይ ነው ያለው ጋሼ። ያለዚያማ ምን አመጣኝ?»

ኮፈኑን ራሳቸው ዘጉት። ተነሣን። ካንዴላዋም መፍትሔ አልሆነችም፤ ብዙም ሳንሄድ መደናቀፉ ተመለሰ። ከሻርጃ ሳንወጣ እንደገና አስቆምኳቸው፣ የነዳጁን መስመር አየሁ። ንጹሕ ነው። እልህ ያዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ሆስፒታል ሆስፒታል ከሚል ሐሳቤ የሚያሳርፈኝ ነገር ካገኘሁ ሰንብቶ ነበርና።

የዱባይን መንገድ እንደያዝን የጋሽ ይማም ስልክ ጮኸ። አይተው ተዉት።

«አንሱት እንጂ።»

«ደንበኛ ነው። ይቆይ።»

ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። እንደገና። እኔ ጭንቅላቴን ወደ ኮፈኑ አስግጌ፣ ሞተሩ መቼ መቼ እንደሚደናቀፍ እያጠናሁ ነው። እግራቸውን ከነዳጁ አንስተው መልሰው ሲረግጡ ነው፣ ወይስ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ? ልይዘው ስል ስልኩ ይጮሃል።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ስልኩን ይዝጉልኝ፣ ሞተሩን ልስማ።»

ዞር ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ረዘመ፤ መንገዱን ትተው እንዳይጋጩ ብዬ እስክፈራ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«እሺ ልጄ» አሉ፣ «ስማ።»

ሰማሁም። ስልኩ ሲዘጋ ሞተሩ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ነዳጅ ተለቆ ሲረገጥ ሞተሩ ተቀምጦበት ካለው ላስቲክ ላይ ወደ ጎን ትንሽ ይንጋደዳል። የሚደናቀፈው ያን ጊዜ ነው። እንግዲያው የሚላላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲንጋደድ የሚሳብ፣ ሲመለስ የሚገጥም። ሽቦ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ሳትዋ ገብተን ጋራዦቹ ካሉበት መንገድ፣ ከአንድ ሕንፃ ጥላ ሥር አስቆምኳቸው። ወደ እነ እትዬ ቤት በእግር የሚደረስበት ነው። ሰፈሩን ሳየው አንድ ሐሳብ ብልጭ አለብኝ። ምናልባት እትዬን ከሆስፒታል አስወጥተዋት፣ ሳያስደነግጡኝ ሊያሳዩኝ ይሆን? ያን ሁሉ ዝምታቸውን፣ ያን ዳቦ፣ ወደዚያ ተረጎምኩት። ልቤ ሞቅ አለ። ቶሎ ልጨርስ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዳጅ ይርገጡልኝ፣ ይልቀቁ፣ ይርገጡ።»

እሳቱ ወደሚመነጭበት ዕቃ፣ ወደ ቦቢናው የሚሄዱትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ እያጠፍኩ መጣሁ። አንዷ ጋ ስደርስ፣ ከብረቱ ጋር ከታሰረችበት ከፍ ብላ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ። ቀና ሳደርጋት ተስተካከለ። ሳጥፋት ተንገዳገደ። ሽፋኗን አገላብጬ አየሁት፤ አንድ ጭረት የለውም። በቢላ ገለጥ አደረግኩት። ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሮ ለሁለት ተቆርጧል። ጫፍና ጫፉ ሲነካካ ትሄዳለች፣ ሲለያይ ትደናቀፋለች። የተቆረጠውን አውጥቼ አዲስ ቁራጭ ቀጠልኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ። ሞተሩ አንድ ወጥ ድምፅ አወጣ።

«አገኘኋት ጋሼ» አልኩ። «ከላይ ደህና መስላ ከውስጥ ተቆርጣለች። ለዚህ ነው ያለፋችን።»

ከኮፈኑ ጎን ብቅ ብዬ በመስታወቱ አየኋቸው። ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተዋል። ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ ቆምኩ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ጋሼ?»

ቀና አሉ። ማስኩ በእንባ ርሶ ከጉንጫቸው ተጣብቋል።

«ምነው ጥቂት ባቆየሃት ልጄ» አሉ። «ምነው ከድጃ ቤት እስክንደርስ ባላገኘሃት። እዚያ ሰው ይጠብቀናል፣ ለብቻዬ አልችለውም ብዬ ነበር።»

መፍቻው ከእጄ መውደቁን የሰማሁ ይመስለኛል።

«ዘሃራ ጎህ ሲቀድ ወደ አኼራ ሄደች። ሆስፒታሉ ለከድጃ ነገራት፣ ከድጃ ለእኔ። ብቻህን፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በባዶ ሆድህ እንዴት ይነገርሃል? አገር ቤት ቢሆን በማለዳ ተሰብስበን መጥተን…» መጨረስ አቃታቸው።

እንዴት እንደሆንኩ አልነግራችሁም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ግን «ቀብሩስ?» የሚል ነበር።

«አንተ ሳትደርስ ማን ይቀብራታል? ነገ ይሆናል።»

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነው። በመንደራችን ሬሳ ወንድምን ይጠብቃል። መንገደኛ እስኪመጣ ጉድጓዱ ዳር ሰው ይቆማል። የወረርሽኝ ቀብር ሰው እንደማይጠብቅ፣ ሆስፒታሉና የሚቀብሩት ሰዎች ተደዋውለው በሰዓታት እንደሚጨርሱት ጋሽ ይማም ከየት ያውቁታል?

ስልካቸውን ከፍተው ለከድጃ ደወሉ። ድምጿን ውጪ ቆሜ እሰማዋለሁ።

«ጋሼ የት ናችሁ? እኔ እኮ ብደውል ብደውል… ከሆስፒታል ደውለው ነበር። ዛሬውኑ ትቀበራለች፣ ወንድም ካላት አሁኑኑ ይምጣ፣ አንድ ሰው እናስገባለን አሉኝ። ከዚያ ስልክዎ ዝግ ነው። ለሱ ልደውል ብዬ ቁጥሩን አወጣሁት፤ ዋላሂ አቃተኝ። በስልክ እህትህ ሞተች ልበለው? አሁን ሲደውሉልኝ ጨርሰናል አሉኝ። ኸላስ ጋሼ፣ ኸላስ።»

ጋሽ ይማም ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ስልኩን ያዘጋኋቸው እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም አላነሳነውም።

«ይንዱ» አልኳቸው።

ከሳትዋ እስከ መቃብሩ ፒክአፗ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈችም። ጥገናዬ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ብትቆም፣ ሞተሯ ቢነድ፣ ብትፈርስ በወደድኩ። እትዬ በሕይወት እያለች እሷን ለማየት ሄጄበት በማላውቀው ፍጥነት፣ ከተቀበረች በኋላ ፒክአፗ ወሰደችኝ።

የመቃብሩ በር ዝግ ነው። ዘበኛው ከውስጥ ሆኖ እጁን አወዛወዘ። «ኸላስ፣ ኩሉ ኸላስ» አለ፤ ሁሉም አልቋል ማለቱ ነው። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ዛሬ የመጣች ሴት፣ እህቴ፣ አልኩት። ስሟን ነገርኩት። ስም አያውቅም። ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ በአጥሩ በኩል ወሰደንና በጣቱ አሳየን። አፈራቸው ያልደረቀ መቃብሮች በተርታ ተኝተዋል። የትኛዋ እንደሆነች የሚለይ ነገር የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው ይቁምልኝ ብላኝ ነበር። የአጥሩን ሽቦ ይዤ «ዘሃራ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። እንደገና «እትዬ ዘሃራ፣ መጥቻለሁ» አልኩ። የትኛውን መቃብር እያየሁ እንደምል አላውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር አየኋቸው። ጋሽ ይማም ከበስተኋላዬ ተራርቀው ቆሙ። ከዚያ ወደ ፊት ወጡና፣ አጥሩ ከፊታችን እንዳለ፣ የጀናዛ ሶላት አሰገዱኝ። ለሁለት ሰው ሶላት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ብዙ ሰው ከኋላቸው እንዳለ አድርገው አሰገዱ።

ስንመለስ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። አጅማን እስክንገባ አላናገርኳቸውም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ። ፒክአፗን በጋራዡ በር ስታልፍ እያየሁ ፊቴን አዞር ነበር። ያንን ስልክ ቢያነሱት ኖሮ እደርስ ነበር፤ ከሻርጃ እዚያ ምን ያህል ነው? ይህን ሳሰላ እያደርኩ ከሳሁ። ዞር ብዬ ደግሞ «ያዘጋው ማነው?» እላለሁ። በመጨረሻ የታረቅኩት ከድጃ በነገረችኝ ነገር ነው። ጋሽ ይማም ከዚያ ቀን ወዲህ ስልካቸውን ዘግተው አያውቁም፤ ሶላት ላይ ሆነው ሲጮህባቸው ሰው ይቆጣቸዋል አለችኝ። ሄጄ ትከሻቸውን ሳምኩ። ወረርሽኝ መሆኑን ሁለታችንም ረሳነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በባዕድ አገር ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደንባችን ክፉ አይደለም። ለሐዘንተኛ እህል አቅምሶ፣ ሰው አሰባስቦ፣ በወግ መንገር ካየሁት ደግነት ሁሉ ትልቁ ነው። ግን ያ ደንብ የተሠራው ሬሳው ለሚጠብቅበት አገር ነው። እዚህ የሚጠብቅ የለም። መርዶ ይዛችሁ ዳቦ የምትገዙ ከሆነ፣ ዳቦውን ተዉትና ንገሩት። ይወድቃል ብላችሁ አትፍሩ፤ ይወድቃል፣ ግን ደርሶ ይወድቃል።

ይህን ለመናገር መብት የሰጠኝ በኋላ የሆነ ነገር ነው። ወረርሽኙ ገና ሳይለቀን፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከመንደራችን ተደወለልኝ። የጋሽ ይማም ባለቤት፣ እትዬ ፋጡማ፣ አርፈዋል። «እንግዲህ እናንተ ሰብሰብ በሉና በወጉ ንገሩት፤ ቀብሩ ከዓስር ሶላት በኋላ ነው» አሉኝ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ከድጃን ልጥራ? ዳቦ ልግዛ? ከዚያ አገር ቤት ካለው ልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋግሬ ለራሳቸው ደወልኩላቸው። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሱት።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«ሻርጃ፣ ዕቃ ጭኜ እየነዳሁ።»

«መኪናዋን ጥግ ያስይዟት።»

የፍሬቻው ድምፅ ተሰማኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ጠፋ።

«አስያዝኳት።»

«ጋሼ፣ እትዬ ፋጡማ ዛሬ ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብሩ ከዓስር በኋላ ነው። ልጅዎ ስልኩን ክፍት አድርጎ መቃብሩ ድረስ ይዞት ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ከደወሉለት ሶላቱንም ይሰማሉ፣ አፈሩ ሲመለስም ይሰማሉ።»

ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አደረስከኝ ልጄ» አሉኝ።

ስልኩን ቶሎ አልዘጉትም። ከበስተኋላቸው ፒክአፗ ቆማ ስትሠራ ትሰማኝ ነበር፤ አንድ ወጥ ነበር፣ አራቱም ሳይደናቀፉ።